ግማሹ ጭስ ማውጫ

መሐንዲሷ ጭስ ማውጫውን ለሁለት የሰነጠቀችው ሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ደግነቱ በኮምፒውተር ላይ ነበር። ክፋቱም እሱው ነው፤ በኮምፒውተር ላይ የተሠራ ጥፋት ድምፅ የለውም። ብረት አይወድቅም፣ ሰው አይጮህም። አንዲት ሴት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ሻይዋን ትጠጣለች፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመስታወት ፋብሪካ ቁመቱ አርባ ስምንት ሜትር የሆነ ክብ የብረት ጭስ ማውጫ ሊያቆም ፈለገ። ነፋስ ደግሞ ክብ ነገር ሲገጥመው ጨዋ ሆኖ አያልፍም። ከፊት ለፊት ለሁለት ተከፍሎ ይመጣና ከጀርባ ሲደርስ ይደናበራል፣ ይሽከረከራል። አንድ አዙሪት ከግራ ተላቅቆ ይሄዳል፣ ቀጥሎ አንድ ከቀኝ፣ ደግሞ ከግራ። እያንዳንዱ ሲላቀቅ ጭስ ማውጫውን ወደ ጎን ሳብ አድርጎት ነው የሚሄደው። ስበቱ ትንሽ ናት። ነገር ግን የስበቱ ምት ከጭስ ማውጫው ከራሱ የመወዛወዝ ምት ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ ልክ ተመልሶ ሲመጣ እየጠበቁ እንደመግፋት ይሆናል፤ ውዝዋዜው እያደር ያድጋል፣ ብረቱም ይደክማል። ለዚህ ማዕበል አያስፈልግም። የታጠበ ልብስ በግማሽ ቀን የሚያደርቅ ነፋስ ይበቃል።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። በጭስ ማውጫው የላይኛው ክፍል ላይ ዙሪያውን የሚጠመጠም የብረት ክንፍ ይበየድበታል፤ ክንፉ አዙሪቶቹን ሳይጠነክሩ ይበታትናቸዋል። የሙያው መመሪያም ይህንኑ ይላል። የፋብሪካው ሰዎች ግን ክንፉ አልጣማቸውም። «መልኩን ያበላሸዋል፣ ሥራም ያዘገይብናል፤ እንደማያስፈልግ በኮምፒውተር አስልታችሁ አሳዩን» ብለው ወደ አማካሪ ቢሮው መጡ። ሥራው ለመሐንዲሷ ተሰጠ።

ነፋስን በኮምፒውተር ማስላት ማለት በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለውን አየር በሚሊዮን ትናንሽ ክፍልፋዮች ከታትፎ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደፈሰሰ በየቅጽበቱ መቁጠር ነው። የሚቆጥረው ማሽኑ ቢሆንም የምትጠብቀው እሷ ናት። ሙሉው ስሌት ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል። የቢሮው ኃላፊ ደግሞ ሠራተኞቹ በስተጀርባው «ቶሎ በሉ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው፤ እንኳን ዘጠኝ ቀን፣ ሻይ እስኪበርድ የሚያስጠብቅ ትዕግሥት አልፈጠረለትም። እሷም አሰበች። ጭስ ማውጫው ክብ ነው፤ ግራውም ቀኙም አንድ ነው። ታዲያ ከመሃል ሰንጥቄ፣ በስንጥቁ ላይ እንደ መስተዋት ያለ ግድግዳ አቁሜ፣ ግማሹን ብቻ ባሰላስ? ሌላው ግማሽ የዚያው ግልባጭ አይደል? በአራት ቀን ያልቃል።

ለብዙ ሥራ ይህ የተለመደ ዘዴ ነው፣ ሌባ አያሰኝም። ለዚህ ሥራ ግን ጉድ ነው። ያ ግድግዳ አየር ከግራ ወደ ቀኝ እንዳይሻገር ይከለክላል፤ አዙሪቶቹም ተራ በተራ እንዳይላቀቁ ያደርጋል። ማለትም፣ የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ አባርሮ «የለም» ይላል። ማሽኑም ዐርብ ጠዋት አንድ የሚያምር ሥዕል አወጣ። ከጭስ ማውጫው ጀርባ አየሩ ተኝቷል፤ የጎን ስበቱን የሚያሳየው መስመር እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል።

እዚህ ላይ ሳታውቅ ተሳሳተች ብላችሁ እንዳታዝኑላት። ታውቃለች። በሁለተኛ ዓመት ትምህርቷ የተማረችው ነው። ሐሳቧ ግማሹን ለመነሻ አይታ ሰኞ ሙሉውን ማሽኑ ላይ መጫን ነበር። ግን ስሌት ሲያልቅ በሚሞላው የመፈተሻ ቅጽ ላይ «ሙሉው አካል ተሰልቷል» የሚል ሳጥን አለ፤ ቶሎ በሉም ዐርብ ከሰዓት በኋላ ከአናቷ በላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገች። «ሰኞ እጭነዋለሁ፣ ያኔ እውነት ይሆናል» አለች ለራሷ። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ፤ ማክሰኞም ሌላ። ጭስ ማውጫውም ያለ ክንፍ መሠራት ጀመረ። ከወር በኋላ የቡድን መሪ ተብላ ተሾመች፤ ሥራ በጊዜው ታደርሳለች ተብሎ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእሷ እስኪፈታ ዓመት ገደማ ወሰደ።

ጭስ ማውጫውን የበየደው ደግሞ ወንድሟ ነው፤ የእናቷ የበኩር ልጅ። እሷ ጋሼ ትለዋለች፣ እሱ ሚጢ ይላታል። አባታቸው ሲሞት እሱ ትምህርቱን ጥሎ የመስኮትና የበር ብረት መበየድ ጀመረ፤ እሷ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም። ጭስ ማውጫውን የሚሠራው የብረት ሥራ ድርጅት ጥሩ በያጅ ሲፈልግ «ወንድሜ አለላችሁ» ያለችው ራሷ ናት፤ ስትለውም ደረቷን ነፍታ ነው። መንፋትም ይገባት ነበር። ሰውዬው አንድ የብየዳ ስፌት ሲጨርስ ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፎ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቱ ሳይዳስሰው አይሄድም። «ዐይን ያታልላል፣ አውራ ጣት አይዋሽም» ይላል። አብረውት የሚሠሩት ያሾፉበታል፤ ሥራቸውን ግን ለእሱ ነው የሚያሳዩት።

ጭስ ማውጫው በቆመ በስምንተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቶሎ በሉ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«የመስታወት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ተሰንጥቋል። ከሥሩ፣ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ፤ ሁለት ክንድ ያህል። ሥራ አቁመዋል። የብየዳ ጣጣ ነው።»

«ተረጋግጧል?» አለች መሐንዲሷ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ከብየዳ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የእኛ ስሌት ንጹሕ ነው፤ አንቺው አይደለሽ የሠራሽው? የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ይሰበሰባል። በያጁ ጥፋቱን አምኖ ይፈርማል፣ የሙያ ፈቃዱ ይነሳል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይበይደዋል። ቶሎ ካለቀ ለሁሉም ይበጃል።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት፣ ገና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ፣ ማን እንደሰነጠቀው ዐወቀች። የጠረጴዛዋን ጠርዝ ይዛ ቆየችና «እሺ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሙሉውን ጭስ ማውጫ ማሽኑ ላይ ጫነች፤ ያለ ግድግዳ፣ ያለ መስተዋት። ማንም አላወቀባትም። ዘጠኝ ቀን ማለት ልክ እስከ ሐሙስ ነው። «ፀጥ ያለ ይሁን፣ እባክህ ፀጥ ያለ ይሁን» እያለች በየጠዋቱ ትከፍተዋለች። ፀጥ ያለም ነበር። ከክቡ ጀርባ ሁለት አዙሪቶች፣ እኩል ሆነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱም ከቦታው አይነቃነቅም። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም፣ ዐርብም፣ ቅዳሜም። የጎን ስበቱ መስመር ቀጥ እንዳለ ነው። ሙሉው ስሌት መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንደሚያባብል፣ ሚዛኑ እስኪዛነፍ ብቻ እንደሚቆይ ታውቃለች። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውንም ይረሳል።

እሑድ እናታቸው ቤት ምሳ ነበር። እንደ ወትሮው እናት ከኩሽና ትወጣለች ትገባለች፣ ሳህን ትቀያይራለች፣ ያልተበላውን ቆጥራ ታኮርፋለች። በያጁ ሾርባውን በማንኪያ ከማማሰል በቀር አልቀመሰውም።

«ምን ሆነህ ነው? ጨው በዛበት?» አለች እናት።

«አይ እማዬ፣ ሆዴ ነው።»

«ሆድህን ምን ነካው? ስለዚያ ብረት እያሰብክ እንደሆን ተወው። ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። ሰው አልሞተ።»

እናት ዳቦ ልታመጣ ስትወጣ ወደ እህቱ ጎንበስ አለ።

«ሚጢ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለሰው አልተናገርኩትም።»

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ የጨረስኩት ያንቺ የሹመት ምሳ ቀን ነው። ትዝ ይልሻል? ሰባት ሰዓት ላይ ድረስ ብለሽኝ ነበር። የመጨረሻውን ዙር በየድኩ፣ ቅርፊቱን አራገፍኩ። ገና ትኩስ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ልጠብቅ ብል ምሳሽ ሊያልፍብኝ ሆነ። ሳልዳስሰው ሄድኩ።» አውራ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያሻል። «ሠላሳ ዓመት ስበይድ አንድ ቀን ነው ሳልዳስሰው የሄድኩት። አንድ ቀን! እሱው ተሰነጠቀ። በማንም አልተበደልኩም። ሐሙስ ሄጄ እፈርማለሁ።»

ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን የሆነው ይህ ነውና ይነገር። መሐንዲሷ እፎይ አለች። ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳላት። ምናልባት እውነትም ብየዳው ነው፤ ምናልባት ማሽኑ ያሳየው ፀጥታ እውነት ነው፤ ምናልባት እኔ ነጻ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የጸለየችው ምን እንደነበረ የገባት ያን ጊዜ ነው። ፀጥ ይበል ስትል፣ የጋሼ ብየዳ የተበላሸ ይሁንልኝ ማለቷ ነበር። ተሳካልኝ ብላ ደስ ያላትም በእሱ ኀዘን ነው።

እናት ዳቦውን ይዛ ገባች። መሐንዲሷ ቁራሽ አነሳችና ለወንድሟ ሰጠችው።

«አትጨነቅ ጋሼ» አለችው።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለና ዳቦውን ጎረሰ።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑን ከፈተች። ከሁለቱ አዙሪቶች አንዱ፣ የግራው፣ ትንሽ ረዝሟል። በምሳ ሰዓት ዘንበል ብሎ ቀኙን ተጫነው። ዐሥር ሰዓት ላይ ተላቅቆ ሄደ። ቀኙ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ቀጥ ብሎ የከረመው መስመር መውጣትና መውረድ ያዘ፤ ምቱን በወረቀት ብታሰላው ከጭስ ማውጫው ከራሱ ምት ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ያስገባችው የነፋስ ፍጥነት ደግሞ ፋብሪካው አካባቢ በብዛት የሚነፍሰው ነው።

ያን ዕለት መናገር ትችል ነበር። የወንድሟ ቤት ከቢሮዋ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። ግን ምን አለች? «ይጨርስ። ያላለቀ ስሌት ማስረጃ አይሆንም።» ልብ በሉ! ግማሽ ሠርታ ሙሉ ነው ብላ የፈረመች ሴት፣ አሁን ሙሉ ካልሆነ አልናገርም አለች። ማክሰኞም ዝም። ረቡዕ እናቷ ደወለች።

«ወንድምሽ የብየዳ መነጽሩንና መዶሻውን ለጎረቤቱ ለመካኒኩ ሰጠው አሉኝ። ‹ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል› ብሎ። ኧረ ባክሽ አናግሪው፤ አንቺን ይሰማል።»

«እሺ እማዬ።»

«ዛሬ ነው የምታናግሪው?»

«ነገ። ነገ ስብሰባው ላይ እንገናኛለን።»

ስልኩን ዘግታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ራሷን ጠላች፤ እውነተኛ መጥላት። ሆኖም ተነስታ አልሄደችም።

ሐሙስ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በያጁን ከስብሰባው ክፍል ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ አገኘችው። አንዷን ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ በሹመቷ ቀን የለበሳትን። ፂሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦት ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበታል። ሲያያት ፈገግ ብሎ ቦታ ለቀቀላትና አንድ ወረቀት ዘረጋላት።

«ጥሩ መጣሽ። የማንበቢያ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ። ምን እንደሚል አንብቢልኝ፤ ሳላውቀው እንዳልፈርም።»

ማንበብ ጀመረች። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው በያጅ፣ በራሴ ቸልተኝነት...» እዚያ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

«ቀጥዪ እንጂ። ቸልተኝነት ትክክል ነው።»

«ጋሼ፣ ያንተ አይደለም። የእኔ ነው።»

ነገረችው። ስለ ግማሹ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ሰኞ እጭነዋለሁ ስላለችው፤ ሁሉንም ሳትሸፋፍን ነገረችው። ስትጨርስ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ብየዳዬ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነው። ፎቶግራፉን አጉልቼ አየሁት፤ ስንጥቁ ስፌትህ ላይ አይደለም፤ ከስፌትህ ጎን፣ ብረቱ ላይ ነው። ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የደከመው ብረቱ ነው። ያንተማ ይዟል።»

አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ አየው። ከዚያ ይህ ትልቅ ሰው፣ አገጩ ላይ ወረቀት የለጠፈ ሰው፣ እየሳቀ አለቀሰ። በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠራረገና እንደ ልጅነቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረጋት።

«በይ እንግዲያውስ ዝም በይ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል። ልፈርምና ይለቅ። እኔ የሠራሁትን ሠርቻለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ።»

በሆዷ ይህችን ቃል ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። አሁን ስትሰማት ግን እሳት ሆነችባት።

«እንደገና ይሰነጠቃል ጋሼ። ክንፉ ካልተደረገለት ማንም ቢበይደው ይሰነጠቃል። ከሥሩ ደግሞ ሰው ይሠራል።»

እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልትነሳ ስትል እጇን ያዛት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዛሬ ጠዋት ማለት ትችል ነበር፤ ስሌቱ ያለቀው ዛሬ ጠዋት ነው። አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ። ስንጥቁ የተሰማ ዕለት።»

እጇን አልለቀቀም፤ ግን ጣቶቹ ላሉ። ኮሪደሩን አሻግሮ እያየ በልቡ ቀኖቹን ሲቆጥር ታየዋለች። ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

«እሑድ እኮ ነገርኩሽ» አለ።

«አዎ።»

«ዳቦ ሰጠሽኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

እጇን መልሶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

የስብሰባው ነገር ብዙ አያስወራም። ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው፤ መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሙሉውን። ቶሎ በሉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም፤ ቅጹን አገላብጦ አገላብጦ «ይህን ምልክት ያደረገው ማነው?» አለ፣ እያወቀ።

«እኔ ነኝ። አልተሰላም ነበር።»

ከኮሚቴው አንዱ የስንጥቁን ፎቶግራፍ አንስቶ በማጉያ መስተዋት አየና «እውነትም ከስፌቱ ውጭ ነው» አለ፤ እስከዚያች ሰዓት ከእነሱ አጉልቶ ያየው አልነበረም። ክንፉ ይበየድ ተባለ። እሷ የቢሮዋን ቁልፍ እንድታስረክብ፣ ጉዳይዋም በሙያ ማኅበሩ እንዲታይ ተወሰነ። በያጁን አስገብተው ይቅርታ ጠየቁትና ክንፉን እሱ ይበይድ እንደሆነ ጠየቁት።

«እበይዳለሁ» አለ። «መዶሻዬን አውሼ ነበር፤ ነገ አስመልሳለሁ።»

አብረው ወጡ። እንደ ድሮው እሱ በመኪናው በኩል፣ እሷ በግድግዳው በኩል ሆነው ተራመዱ፤ ልጅ እያለች ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት የለመደው ነው፣ ዛሬም አልተወውም። እሷ ሁለት ጊዜ «ጋሼ» አለች። ሁለቱንም ጊዜ «እህ» ብቻ አላት። መንገዱ ላይ ነፋስ ነበር፤ ልብስ የሚያደርቅ ነፋስ።

እናታቸው በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ደረሱ።

«እህሳ? ምን አሉህ ልጄ?»

«ብየዳዬ ደህና ነው እማዬ።»

«እልል! አላልኩህም?» እናት አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ከትከሻው በላይ የሴት ልጇን ፊት አየችና እጇ ላላ። «አንቺስ ምን ሆነሻል? ምን ተፈጠረ?»

በያጁ ከእናቱ እቅፍ ቀስ ብሎ ወጣ። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ጣል አደረገና ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ከኮሪደሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን ዐይኗን አያት።

«ንገሪያት» አለ። «ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምረሽ ንገሪያት። እሑድንም እንዳትዘልዪው።»